ጨረቃ የወለደችው ፀሐይ፦ የገና ቀንና የፀሐይ አምልኮ ክርክር

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይገባል። ገና የክርስቶስ ልደት ሳይሆን የጥንት የፀሐይ አምላክ ልደት ነው የሚል። ድንግሊቱ እናት፣ ኮከቡ፣ እጅ መንሻ የያዙት ጠቢባን፣ ሁሉም ከግብፅ፣ ከፋርስና ከሮም ተቀድቶ ስሙ ብቻ ተለወጠ ይባላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዛይትጋይስት የተሰኘ ፊልም ሐሳቡን ከምሁራን ጠረጴዛ አውርዶ በዓለም በተነው። ዛሬ አዲስ አበባ ሀና ማርያም አካባቢ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ያዘዘ ወጣትም ቁራጭ ቪዲዮውን ከስልኩ አውጥቶ ያሳያችኋል። ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ «ኑፋቄ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሮም መሆኑን ግን ልብ የሚል የለም። የኢትዮጵያን ገና በራሱ ቀመር፣ በራሱ ሰማይና በራሱ ታሪክ ብንመዝነው ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

በመጀመሪያ ብዙ ጊዜ የማይፈጀውን እናንሣ። ሚትራ ከድንግል ተወለደ ይባላል። የሮማውያኑ ሚትራ በቅርጻ ቅርጾቹ ላይ የሚታየው ጎልማሳ ሆኖ፣ ችቦና ጩቤ ይዞ ከአለት ሲወጣ ነው፤ እናት የለችውም። ክሪሽና የእናቱ የዴቫኪ ስምንተኛ ልጅ ነው፤ የልደቱ በዓልም የሚውለው በኛ ነሐሴ ወይም ጳጉሜን አካባቢ ነው። ሆረስን ደግሞ ኢሲስ የፀነሰችው የተቆራረጠውን የባሏን የኦሲሪስን ገላ ሰብስባ ከገጣጠመች በኋላ እንደሆነ ራሱ የግብፅ ተረት ይናገራል።

የሆረስ ነገር ለኛ ሌላ ጣዕም አለው። ፕሉታርክ እንደጻፈው ግብፃውያን በዓመቱ መጨረሻ ላይ በሚተርፉት አምስት ቀናት አምስት አማልክት ተወለዱ ይሉ ነበር። ኦሲሪስ በመጀመሪያው፣ ታላቁ ሆረስ በሁለተኛው ቀን። እነዚያ ትርፍ ቀናት በእስክንድርያ በኩል ወደ እኛ የደረሱት ጳጉሜን ናቸው። እንግዲህ የሆረስን ልደት በኢትዮጵያ መቁጠሪያ የሚፈልግ ሰው ከታኅሣሥ ይልቅ ወደ ጳጉሜን 2 ቢሄድ ይቀርበዋል። ለእውነት ሲባል አንድ ነገር መጨመር አለብኝ፤ ያው ፕሉታርክ ሀርፖክራቴስ የተባለው ሕፃኑ ሆረስ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ወቅት ገደማ ተወለደ መባሉንም ጽፏል። ስለዚህ ፊልሙ ሁሉንም ከባዶ አልፈጠረም፤ ያለውን አጋነነ፣ የሌለውን ጨመረ።

ጠንካራው ማስረጃ የሮም ነው። ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን በ274 እ.ኤ.አ. «የማይሸነፈው ፀሐይ» ለተባለው አምላክ በሮም ታላቅ መቅደስ መረቀ። በ354 እ.ኤ.አ. ፊሎካሉስ የተባለ የቁም ጸሐፊ ባዘጋጀው የቀን መቁጠሪያ ደግሞ በዲሴምበር 25 «የማይሸነፈው» ልደት በሠላሳ የሠረገላ ግጥሚያ እንደሚከበር ተመዝግቧል። በዚያው ጥራዝ ውስጥ ያለው የሰማዕታት ዝርዝር የሚጀምረው ክርስቶስ በቤተ ልሔም መወለዱን በዚሁ ቀን በማስፈር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ የሮሙ ሊቀ ጳጳሳት ልዮን፣ በእኛ ቤተ ክርስቲያን በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የሚወገዘው ያው ልዮን፣ ክርስቲያኖች ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ሲገቡ ደረጃው ላይ ዞረው ለፀሐይ እንደሚሰግዱ በስብከቱ በምሬት ተናግሯል። ይህን ያነበበ ሰው ዝምድና የለም ብሎ አፉን ሞልቶ ሊናገር አይችልም።

ማን ከማን ወሰደ የሚለው ግን ገና አልተቋጨም። ቤተ ክርስቲያን ቀኑን ከአረማውያን ወስዳዋለች የሚለው አሳብ ጥርት ብሎ የሚገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው በሶርያዊው ዲዮናስዮስ ባር ሳሊቢ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ ነው። ነገሩ ከሆነ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1889 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሄርማን ኡዜነር ይህን አሳብ ወደ ዘመናዊ ጥናት አመጣው። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ሉዊ ዱሼን ተቃራኒውን አቀረበ፤ ቀኑ ከፀሐይ በዓል ሳይሆን ከስሌት የመጣ ነው አለ። የጥንት ክርስቲያኖች ክርስቶስ የተሰቀለበትን ቀን ማርች 25 አድርገው ወስደው ነበር፤ የተፀነሰበትንም በዚያው ቀን አደረጉት፤ ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ዲሴምበር 25 ይመጣል። አውግስጢኖስ ይህንኑ በግልጽ ጽፎታል። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ስቲቨን ሂይማንስ የሮምን የፀሐይ አምልኮ ሲመረምር ለፀሐይ የተረጋገጡት ቀደምት በዓላት በሌሎች ቀናት እንደሚውሉ፣ ከ354ቱ መቁጠሪያ በፊትም ዲሴምበር 25ን የሚጠቅስ ማስረጃ እንደማይገኝ አሳይቷል።

የዱሼንን ሐሳብ የሚነቅፉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በእውነት እንዲህ እየቆጠረ በዓል የሚያከብር ሕዝብ የት አለ? ይላሉ። መልሱ ከአጠገባችን ነው።

ሀና ማርያም አካባቢ የሚያስተምሩ አንድ የኔታ አሉ፤ ባሕረ ሐሳብ ሲቆጥሩ ወረቀት አይዙም። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ እየዘለለ ወሩን፣ ዕለቱን፣ ወንጌላዊውን ያወጣል። የፊልሙን ነገር አንድ ተማሪ ሲያነሣባቸው አልተቆጡም። «ልጄ፣ መጋቢት 29ን ያዝ» አሉት። ልጁ ያዘ። «ዘጠኝ ወር ቁጠር።» በአንጓው ቆጠረና ታኅሣሥ 29 ላይ ቆመ። «ጳጉሜንን ረሳሃት፤ አምስት ጨምርባት። መቶ፣ ሁለት መቶ ... ሁለት መቶ ሰባ አምስት ቀን። አሁን ጳጉሜን ስድስት የሆነችበትን ዘመን አምጣ።» ልጁ ዝም አለ። «ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ላይ ብታከብር አንድ ቀን ትርፍ ያድርብሃል። ስለዚህ ሃያ ስምንት ላይ እናከብራለን። እኛ ፀሐይን አልጠበቅንም፤ ማኅፀኑን ነው የቆጠርነው።»

ይህ የዕለት ተዕለት እውቀት ስለሆነ ዋጋው አይታየንም። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች፤ በቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይውላል። የ2016 ገና የተከበረው በ28 ነው፤ የ2020ውም እንዲሁ ይሆናል። አንድ በዓል በቁርጥ ቀን የተተከለ ከሆነ በአራት ዓመት አንዴ ወደ ኋላ የሚሸሽበት ምክንያት አይኖረውም። የእኛ ገና ግን የሚሸሸው የእርግዝናውን ቁጥር ላለማዛባት ነው። ሌላም አለ። መጋቢት 29 ጽንሰቱ ብቻ አይደለም፤ ጥንተ ትንሣኤም በዚያው ቀን ነው፣ ጥንተ ስቅለት ደግሞ በ27። የአንድ ሰው ሕይወት መጀመሪያና ፍጻሜ በአንድ ቀን ይገጥማል የሚለው፣ ዱሼን ከላቲን ጽሑፎች ለቅሞ ያወጣው አስተሳሰብ፣ በእኛ ስንክሳርና ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ዛሬም በሥራ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ለየኔታ ሙሉውን ነጥብ አልሰጥም። መጋቢት 29 በድሮው የሮም አቆጣጠር ማርች 25 ነው፤ ያ ቀን በሮማውያን ዘንድ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆንበት ነበር። የዮሐንስ መጥምቅ ልደት ሰኔ 30፣ በዚያው አቆጣጠር ጁን 24፣ ቀኑ እጅግ የሚረዝምበት አካባቢ ነው። የዮሐንስ ጽንሰት መስከረም 26 ደግሞ በመጸው ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ዕለት ይጠጋል። አራቱም የዓመቱ ማዕዘናት ላይ ተቀምጠዋል። ይህ በድንገት የሆነ አይመስለኝም። ስሌቱን ያወጡት ሊቃውንት ሰማዩን እንደ ሰዓት አንብበውታል፤ ፈጣሪ ፀሐይን በሠራበት ቀመር አዲሱን ፍጥረትም ይጀምራል ብለው አምነዋል። ለፀሐይ መስገድና በፀሐይ ቀን መቁጠር ግን የተለያዩ ናቸው።

የእስክንድርያ ታሪክ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል። አባ ሰላማ ፍሬምናጦስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ከአትናቴዎስ እጅ ተሾሞ ወደ አክሱም ሲመጣ የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ልደትን ለብቻው በታኅሣሥ 29 ማክበር አልጀመረችም ነበር። በዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግብፅን የጎበኘው ዮሐንስ ካስያን ልደትና ጥምቀት በአንድነት ዛሬ ጥር 11 በምንለው ቀን ይከበሩ እንደነበር ይመሰክራል። አርመኖች እስከ ዛሬ እንዲሁ ያደርጋሉ። በእስክንድርያ የታኅሣሥ 29 በዓል በማያሻማ ሁኔታ የሚታየው በ432 እ.ኤ.አ. የኤሜሳው ጳውሎስ በቄርሎስ ፊት በሰበከው ስብከት ነው። ኤጲፋንዮስ ደግሞ በጥር 11 ዋዜማ ሌሊት በእስክንድርያ ኮሬ በተባለች ድንግል አምላክ መቅደስ ሰዎች ሲዘምሩ አድረው፣ ንጋት ላይ ጣዖት ተሸክመው እየዞሩ «ዛሬ ኮሬ አዮንን ወለደች» ይሉ እንደነበር ጽፏል። የፀሐይ ተረት ተከራካሪዎች ዲሴምበር 25 ላይ የሚደክሙትን ያህል በዚህ ቢደክሙ ይሻላቸው ነበር። ከሁሉም ማስረጃዎች ይህ ለክርስቲያኑ ልደት በመልኩ በጣም የቀረበ ነው፤ ከገና ይልቅ ግን ከጥምቀታችን ጋር ይገጥማል።

መወራረስ በእርግጥ ሲረጋገጥ ምን እንደሚመስል የምናውቅበት ሌላ ምሳሌ በዚያው ወር አለ። ታኅሣሥ 22 ብሥራተ ገብርኤል ይከበራል። መጋቢት 29 ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም ብሥራቱ ወደ ታኅሣሥ መጣ፤ ያመጣውም ደቅስዮስ ነው ይላል ተአምረ ማርያም። ይህ ደቅስዮስ የስፔኗ የቶሌዶ ጳጳስ ኢልደፎንሶ ነው። በ656 እ.ኤ.አ. የቶሌዶ ጉባኤ ብሥራትን ወደ ዲሴምበር 18 አዛወረው፤ ያ ቀን በጥንቱ አቆጣጠር ልክ ታኅሣሥ 22 ነው። ቀኑም፣ ሰውየውም፣ ከላቲን በዓረብኛ በኩል ወደ ግዕዝ ያመጣው መጽሐፍም ይታወቃሉ። አንድ በዓል ከሌላው ተወሰደ ለማለት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ሰንሰለት ነው። ለሚትራና ለገና እንዲህ ያለ ሰንሰለት አልተገኘም።

ሰማዩም ራሱ መስካሪ ነው። ሮም ላይ በበጋና በክረምት ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት ስድስት ሰዓት ይደርሳል። ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ በሆነበት ብርድ ለተቀመጠ ሰው ፀሐይ ሞታ ተነሣች ማለት ተረት አይደለም፤ በዓይኑ የሚያየው ነው። አዲስ አበባ ግን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሀና ማርያም አስፋልት ዳር ልብስ የሚሸጥ ሰው ታኅሣሥ ላይ ቀኑ አጠረብኝ ሲል አልሰማሁም። እንዲያውም ታኅሣሥ የጠራ ሰማይ፣ የደረቅ ብርድና የአውድማ ወር ነው። ፀሐይ በእኛ ዘንድ የምትጠፋው በሐምሌና በነሐሴ ደመና ውስጥ ነው፤ የምትመለሰውም በመስከረም። የብርሃን መመለስ በዓል ካለን አደይ አበባው፣ የእንቁጣጣሽ ችቦ፣ የመስቀል ደመራ፣ ከዚያም የክረምቱን መውጣት ለዋቃ የሚያመሰግነው ኢሬቻ ሁሉም የተሰበሰቡት እዚያ ነው። የሮምን ክርክር ሳያጣራ የሚገለብጥ ሰው ይህን አይቶ አያውቅም።

ስለ ሰማዩ ሳወራ አንድ ትዝ የሚለኝ ነገር አለ። ዛሬ ታኅሣሥ 29 ቀኑ እጅግ ካጠረበት ዕለት 17 ቀን ያህል ርቋል። አቆጣጠራችን እንዲህ ከቀጠለ ደግሞ ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላ ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 8 ይውላል፤ ከፀሐይዋ እየራቀ ነው ማለት ነው።

ታዲያ በኢትዮጵያ ፀሐይ አልተመለከም? ተመልኳል። በየሓና በሌሎች የትግራይ ቦታዎች የተገኙ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ ጽሑፎች አልመቃህን፣ አስታርን፣ ከነሱም ጋር ዛተ ሕምየምንና ዛተ ባዕዳንን ይጠራሉ። ሁለቱ የመጨረሻዎቹ በደቡብ ዓረብ የፀሐይ ገጽታዎች ናቸው፤ እንስት አማልክት። በውቅሮ አቅራቢያ በመቃብር ጋዕዋ በ2007 እ.ኤ.አ. ማብቂያ የተገኘው የአልመቃህ መሠዊያ ይህ አምልኮ ከየሓ ርቆ እንደተስፋፋ አሳይቷል። ክብረ ነገሥትም ቢሆን አይደብቅም፤ ንግሥተ ሳባ ለሰሎሞን ሕዝቧ ፀሐይን እንደሚያመልክ ትነግረዋለች፤ ቁርአንም በሱረቱ አን ነምል ይህንኑ ይላል።

በአክሱም ዘመን ግን ዋናው የነገሥታቱ አምላክ መሕረም ነበር። የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መምታት የጀመሩት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ በእንዱቢስ ነው፤ አውሬልያን ለማይሸነፈው ፀሐይ መቅደስ በሠራበት ዘመን አካባቢ። በሳንቲሞቹ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ክብና ግማሽ ጨረቃ ተቀርጿል፤ መጠራ ባለው ሐውልት አናት ላይ ያለው ምልክት ነው። ዒዛና በቀደሙት ጽሑፎቹ ራሱን የማይሸነፈው የመሕረም ልጅ ብሎ ይጠራል። «የማይሸነፍ» የሚለው ማዕረግ ሮም ላይ ለፀሐይ፣ አክሱም ላይ ግሪኩ አሬስ ብሎ ለተረጎመው የጦር አምላክ ተሰጠ። ዒዛና ሲጠመቅ በክቡና በጨረቃው ቦታ መስቀል አስቀረጸ፤ በመስቀል ያሸበረቁ ገንዘቦችን ቀድመው ከመቱት የዓለም ነገሥታት አንዱ ሆነ። ቆስጠንጢኖስ እንኳ የማይሸነፈውን ፀሐይ ከገንዘቡ ላይ ለማውረድ እስከ 325 እ.ኤ.አ. ገደማ ጠብቋል። ሥዕሉ ሲቀየር በዓይን ይታያል፣ በሙዚየም መስታወት ውስጥ በእጅ ያህል ርቀት። የድሮውን ምልክት ሸፍኖ የማሳለፍ ሙከራ የለም፤ ወርዶ ሌላ ተሰቀለ።

ፀሐይ ራሷ ግን ከልደቱ ትረካ አልወጣችም። ሚልክያስ የተናገረላት የጽድቅ ፀሐይ ለክርስቶስ የተሰጠች ስም ሆናለች። ከሁሉ የሚገርመኝ የሰፈራችን የሀና ማርያም ስም የያዘው ትውፊት ነው። የሐና ቅድመ አያቶች ጴጥሪቃና ቴክታ ሀብታሞች ግን መካኖች ነበሩ። በሕልማቸው ነጭ እንቦሳ ከቴክታ ማኅፀን ስትወጣ አዩ፤ እንቦሳዋም እንቦሳ እየወለደች ትውልድ ከቆጠረች በኋላ በመጨረሻ ጨረቃ ተወለደች፤ ጨረቃዋም ፀሐይን ወለደች። ሕልም ፈቺው የሴት ልጆቹን ነገር፣ የጨረቃይቱን ልዕልና ተረጎመላቸው፤ የፀሐዩ ነገር ግን አልታወቀኝም አለ። ሐና ከዚያ ሐረግ መጣች፣ ማርያምም ከሐና። ላም፣ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ ሕልም ውስጥ! ለዛይትጋይስት አዘጋጆች ቢደርሳቸው ግማሽ ሰዓት ባወሩበት ነበር። የእኛ አባቶች ግን በአደባባይ ያስተምሩታል፤ ከምሥጢር ቆጥረውት አያውቁም።

በኮከቡ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የሰብዓ ሰገልን መምጣት ሲያብራሩ የእኛ መተርጉማን ዘረደሸት የተባለውን የፋርስ ፈላስፋ ያመጣሉ፤ በቀትር በምንጭ ዳር ሆኖ በኮከብ ውስጥ ሕፃን ያቀፈች ድንግል አየ፣ ለልጆቹም ተናገረ ይላሉ። ፋርስን ወደ ልደቱ ያስገባው ተቃዋሚ አይደለም፤ ራሱ የአንድምታው ሊቅ ነው። ይህ ኩረጃ ይባል እንደሁ አላውቅም፤ እኔ የማየው አሸናፊ ባለርስት የጎረቤቱን ምንጭ ወደ ራሱ መስኖ ሲመራው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ መጽሐፈ ሚላድን አስጽፎ ልደት በየወሩ በ29 እንዲታሰብ አደረገ። ዓመት ሙሉ በየወሩ የሚታሰብን ልደት ከአንድ የፀሐይ መመለሻ ጋር ማሰር ከባድ ነው። ላሊበላም ላይ የቤዛ ኵሉ ዝማሬ ቤተ ማርያም ዙሪያ ሲወርድ ሕዝቡ የሚያስበው ሌላ ልደት ካለ የንጉሡን የላሊበላን ነው።

የድሮ አምልኮ ቅሪት ፈልጎ የሚዞር ሰው ገናን ትቶ ወደ ግንቦት 1 መሄድ አለበት። ያ ቀን የልደታ ማርያም ነው፤ ሐና በሊባኖስ ተራራ ስር ሆና ልጇን የወለደችበት ነው ስለሚባል ሰው ከቤት ወጥቶ በሜዳ ያከብራል። ሀና ማርያምን በመሰሉ ሰፈሮች የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ሳይቀር ስንዴና ባቄላ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ዳቦ ይዞ፣ ደጅ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዞ ጎረቤቱን ይጠራል። በየገጠሩና በከተማውም ዳርቻ ግን ዛፍ ቅቤ የሚቀቡ፣ ከግንዱ ስር ቡና አፍልተው አድባሯን የሚለማመኑ፣ ከንፍሮው ለሷ የሚበትኑ ሰዎች አሉ። ሰባክያን በየዓመቱ ሚያዝያ ማብቂያ ላይ «ንፍሮው ለማርያም፣ ቅቤው ለማን ነው?» እያሉ ይገሥጻሉ። የሚገሥጹት ስለሚያውቁት ነው። እኔም የሰማኋቸው የሰፈር አዛውንት «የሁለቱም አይጣላም፤ አድባሯም የእመቤቴ ናት» ብለው ነበር የመለሱት፤ ሰባኪውም እንደገና ጀመረላቸው።